ኬሞ ላይ ያለን የሉኪሚያ ታማሚ መድኃኒት ከተላመደ የቆዳ ባክቴሪያ እንዴት እንጠብቀው? ለሰሜን ሸዋ አስታማሚዎች

ቤታችሁ ሉኪሚያ፣ ማለትም የደም ካንሰር፣ ያለበት ሰው ካለ የምትፈሩት ካንሰሩን ነው። ፀጉሩ መርገፉን፣ ማስመለሱን፣ መክሳቱን። አይፈረድባችሁም። ግን ኬሞ ላይ ያለን ሰው ብዙ ጊዜ በድንገት የሚጥለው ኢንፌክሽን ነው። ከኢንፌክሽኖቹም አንዱ ማንም ከማይጠረጥረው ቦታ ይነሳል፤ ከታማሚው ከራሱ ቆዳ።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። የአክስቴን ልጅ ለኬሞ አዲስ አበባ እያመላለስኩ ሳስታምም ነው ይህን ጉዳይ በቅርብ ያወቅሁት። ይህን የምጽፈው ከመሐል ሜዳ፣ ከአንኮበር፣ ከደብረ ሲና፣ ከሸዋ ሮቢት ለምትመላለሱ አስታማሚዎች ነው። ኬሞው ጥቁር አንበሳ ይሰጣል፤ ክፉው ሳምንት የሚመጣው ግን ብዙውን ጊዜ እናንተ ቤት ነው። ያን ጊዜ አጠገቡ ያለው ሐኪም ሳይሆን እናንተ ናችሁ።

አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ። ኬሞ ላይ ያለ ሰው ካተኮሰው የሚጠበቅ ጊዜ የለም። ወዲያው መነሳት ነው።

መጀመሪያ ባክቴሪያውን እንወቀው

ስሙ ስታፊሎኮከስ ኤፒደርሚዲስ ይባላል። በእኔም፣ በእናንተም፣ በሕፃኑም በሽማግሌውም ቆዳ ላይ ይኖራል። ጤነኛ ሰው ላይ ምንም አያደርግም፤ እንዲያውም ለክፉ ባክቴሪያዎች ቦታ ባለመልቀቅ ይጠቅማል።

ሉኪሚያ ላይ ግን ሦስት ነገሮች ይገጥሙለታል። ኬሞው ነጭ የደም ሴሎችን ያወርዳል፤ በተለይ ኒውትሮፊል የሚባሉትን፣ ባክቴሪያን ቀድመው የሚገጥሙትን። ቆዳውና የአፉ ውስጥ ይሳሳል፣ ይቆስላል። በዚያ ላይ ክንዱ ላይ ካኑላ (መድኃኒት የሚሰጥበት ትንሽ የፕላስቲክ ቱቦ) ወይም ደረቱ ላይ ረጅም የደም ሥር ቱቦ ይገባለታል። ቱቦው ከቆዳ በቀጥታ ወደ ደም የሚወስድ መንገድ ነው።

ባክቴሪያው ፕላስቲክ ይወዳል። ቱቦው ላይ ይለጠፍና በላዩ ላይ ልጥልጥ ያለ ሽፋን ይሠራል። ሐኪሞች ባዮፊልም ይሉታል። ውሃ የከረመበት ጄሪካን ውስጡን ስትነኩት የሚያሟልጨው ነገር ዓይነት ነው፤ ውሃ ብታንቀጫቅጩበት አይለቅም። መድኃኒትም ያን ሽፋን አልፎ ለመግባት ይቸገራል። ቱቦው ራሱ ይውጣ የሚባለው ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው።

አሁን ወደ መላመዱ እንምጣ። ሜቲሲሊን የሚባለው ባክቴሪያ ገዳይ መድኃኒት በ1959 (እ.ኤ.አ.) ወጣ። በ1961 (እ.ኤ.አ.) እሱን የተላመደ ስታፊሎኮከስ መገኘቱ ተዘገበ። ሁለት ዓመት ብቻ! ዛሬ ሆስፒታል ውስጥ ከሚገኘው ስታፊሎኮከስ ኤፒደርሚዲስ አብዛኛው ሜቲሲሊንን የተላመደ ነው። ይህ ማለት አሞክሳሲሊን፣ ክሎክሳሲሊን፣ ሁላችንም በስም የምናውቀው ሴፍትሪአክሶን ጭምር አይሠሩበትም። የሚቀረው በደም ሥር የሚሰጠው ቫንኮማይሲንና ጥቂት ሌሎች ናቸው። ከጥቂቶቹ አንዱ የሆነውን ሊኔዞሊድን የተላመዱ ዝርያዎችም በተለያዩ አገሮች ሆስፒታሎች ተገኝተዋል።

ስለዚህ ከታች ያሉት እርምጃዎች ሁለት ሥራ አላቸው። ባክቴሪያው ከቆዳ ወደ ደም እንዳይገባ ማድረግ፤ ከገባም ሳይቆይ መያዝ።

1ኛ፦ ክፉዎቹን ቀኖች ካላንደር ላይ አስምሩ

ኬሞ ከተሰጠ በኋላ ነጭ ደም ወዲያው አይወርድም። በአብዛኞቹ ኬሞዎች ዝቅ የሚለው ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ለድንገተኛ ሉኪሚያ የሚሰጠው ጠንካራ ኬሞ ከሆነ ከዚያም በላይ፣ ሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ከሆስፒታል ስትወጡ ሐኪሙን «ነጭ ደሙ የሚወርደው ከመቼ እስከ መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የነገራችሁን ግድግዳ ላይ ባለው ካላንደር በቀይ አክብቡት። ቤት ያለው ሁሉ ይየው።

የደም ምርመራውን ወረቀትም ማንበብ ትችላላችሁ። ከባድ አይደለም። ጠቅላላ ነጭ ደሙ 1.2 ተብሎ ከተጻፈ 1200 ማለት ነው። ኒውትሮፊሉ 30 በመቶ ካለ ከ1200 ላይ 30 በመቶውን አውጡ፤ 360 ይመጣል። አንዳንድ ወረቀት ላይ የ# ምልክት ካለበት መስመር ላይ ተሠልቶ ታገኙታላችሁ። ይህ የኒውትሮፊል ቁጥር ከ1000 በታች ከሆነ ተጠንቀቁ። ከ500 በታች ከሆነ አደጋው ከባድ ነው። ከ100 በታች ከሆነ ደግሞ ትንሿም ምልክት ቢሆን አትናቅ።

ሁሉም ሉኪሚያ አንድ አይደለም። ሥር የሰደደው ማይሎይድ ሉኪሚያ ያለበትና በኢማቲኒብ ኪኒን ደህና ሆኖ የሚኖር ሰው ይህን ያህል አይሰጋም። እዚህ የምንነጋገረው በዋናነት ድንገተኛ ሉኪሚያ ስላለባቸውና በደም ሥር ኬሞ ስለሚወስዱት ነው።

2ኛ፦ ቴርሞሜትር ግዙ፣ መለካትም ልመዱ

በእጅ ግንባር ዳብሶ «ትንሽ ሞቅ ብሎታል» ማለት አይበቃም። ዲጂታል ቴርሞሜትር ፋርማሲ አለ። የብርጭቆው ከሜርኩሪ ጋር ስለሆነ ከተሰበረ ጣጣ ነው፤ ዲጂታሉ ይሻላል።

ብብቱን አድርቁ። ጫፉን መሃል ላይ አድርጉና ክንዱን ግጥም አድርጎ ይያዝ። እስኪጮህ ጠብቁ። ጠዋትና ማታ ለኩ፤ በቀይ በተከበቡት ቀኖች ደግሞ ደከመኝ ወይም በረደኝ ባለ ቁጥር። ቁጥሩንና ሰዓቱን ደብተር ላይ ጻፉ። በፊንጢጣ በፍጹም አትለኩ። እዚያ ያለው ስስ ቆዳ ቢጫር ሌላ በር መክፈት ነው። በዚያው በኩል የሚገባ መድኃኒትም ሆነ የሆድ ማጠቢያ ያው ነው።

ሆስፒታሎች የሚጠቀሙበት መስፈርት በአፍ ተለክቶ አንድ ጊዜ 38.3 ወይም ከዚያ በላይ፣ ወይም ለአንድ ሰዓት ያህል ሳይወርድ የቆየ 38 ነው። ብብት ከአፍ ዝቅ አድርጎ ያሳያል። ስለዚህ ቤት ውስጥ በብብት 38 ካያችሁ አትከራከሩ፣ ተነሱ። 37.5 ካለፈ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደግማችሁ ለኩ፤ እስከዚያ ለሐኪሙ ወይም ለክፍሉ ነርስ ደውሉ።

አሁን የምለው በእኛ አገር በጣም አስፈላጊ ነው። ደብረ ብርሃንም መንዝም ብርድ ነው። ሰው «በረደኝ» ሲል ጋቢ ወይም ባና ይደረብለታል እንጂ ቴርሞሜትር አይቀርብለትም። ሌላው ደግሞ «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ይታሽለታል። ለጤነኛ ሰው ይሁን። ኬሞ ላይ ላለ ሰው ግን ጥርስ የሚያንገጫግጭ ብርድ ባክቴሪያ ደም ውስጥ መግባቱን ሊያመለክት ይችላል። ትኩሳቱ ከደቂቃዎች በኋላ ተከትሎ ይመጣል። ስለዚህ ልብስ ከመደረቡ በፊት ለኩ፤ መንቀጥቀጡ ከመጣ ግን ቁጥሩ እስኪወጣ አትጠብቁ።

ሳይለካ ፓራሲታሞል አትስጡ። ትኩሳቱን ይደብቀዋል እንጂ ባክቴሪያውን አይነካውም። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ ደግሞ ጭራሽ አይሰጡ፤ ፕላትሌቱ (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ሴል) ወርዶ ከሆነ ያደማሉ። ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታሶን የሚወስድ ታማሚ ደግሞ ኢንፌክሽን ይዞት እንኳ ላያተኩሰው ይችላል። እሱ ላይ መፍዘዝን፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስን፣ የእጅና የእግር መቀዝቀዝን፣ ሽንት ማነስን ተከታተሉ። ከነዚህ አንዱ ከታየ እንደ ትኩሳት ቁጠሩት።

3ኛ፦ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ

ባክቴሪያውን ከቆዳ ጠራርጎ ማጥፋት አይቻልም፤ አይሞከርም። በረኪና ወይም ያልተበረዘ ዲቶል ቆዳ ላይ ማድረግ ቆዳውን ያቃጥላል፣ አደጋውንም ያብሳል። ግባችን ቆዳው ንጹሕና ያልተቀደደ እንዲሆን ነው።

በየቀኑ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ይታጠብ። ብብት፣ ብሽሽት፣ የጣቶች መሃል፣ ሴት ከሆነች ከጡት ሥር በደንብ ይድረቁ፤ በመፈተግ ሳይሆን በፎጣ ጠበቅ ጠበቅ በማድረግ። ፎጣው የራሱ ብቻ ይሁን። በእኛ ደረቅ ብርድ ተረከዝና የእጅ ጀርባ ይሰነጠቃል። ገና እርጥበቱ ሳይጠፋ ቫዝሊን ቀቡት። ካልሲ ያድርግ፣ በባዶ እግሩ ግቢ አይውጣ።

ምላጭ አይነካው። ብጉር አይፍረጥ። ጥፍር ይቆረጥ፣ ግን እስከ ሥጋው አይሁን። ዋግምት፣ ብጣት፣ ጆሮ መብሳት፣ እነዚህ ሁሉ ለጊዜው ይቅሩ። ዘመድ ከፍቅሩ የተነሳ «መጥፎ ደሙ ይውጣለት» ሊል ይችላል። በትሕትና ግን በጽናት እምቢ በሉ። ታማሚውን ለማዳን ተብሎ የተደረገው ቁስል የመጨረሻው ሊሆን ይችላል።

አፉም ቆዳ ነው። ለስላሳ ብሩሽ ይጠቀም። መፋቂያ ድድ ስለሚያደማ ደሙ እስኪመለስ ይቆይ። ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አድርጋችሁ ከምግብ በኋላና ከመኝታ በፊት ይጉመጥመጥ። አፉ ቆስሎ ከሆነ ቆሎም አይሰጠው።

4ኛ፦ እጅ

ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የሚጎድለው ጊዜው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሳሙናና በውሃ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ፣ በአልኮል ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይላል። የጣት ጫፍ፣ አውራ ጣት፣ የጣቶች መሃል ይረሳሉ። ከብት ያለበት ቤት ኩበት የጠፈጠፈ፣ በግ የነካ፣ ጋጣ የጠረገ ሰው ልብሱን ሳይቀይርና እጁን እስከ ክርኑ ሳይታጠብ ወደ ታማሚው አይቅረብ። ጄሪካንና ሳሙና በሩ ላይ አስቀምጡ። ውስጥ ከተቀመጠ ማንም አይጠቀምበትም።

ሆስፒታል ውስጥም ያው ነው። መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ከአልጋ ወደ አልጋ የሚሄደው በአብዛኛው በእጅ ነው። የጎረቤቱን ታማሚ ደግፋችሁ ካነሳችሁ፣ ያ ደግ ሥራ ነው፤ ከዚያ ግን ወደ ራሳችሁ ሰው ከመመለሳችሁ በፊት እጃችሁን አጽዱ። ጓንት ያደረገች ነርስ ከሌላ አልጋ ስትመጣ ካያችሁም «እህቴ፣ ይቅርታ፣ ደሙ ወርዶበት ስለምሰጋ ነው፤ እጅሽን አጽድተሽ ጓንት ትቀይሪልኛለሽ?» ማለት ነውር አይደለም።

5ኛ፦ ካኑላውን እንደ ዓይናችሁ ጠብቁት

ጊዜ ስጡት የምላችሁ እዚህ ላይ ነው።

ካኑላ ሲገባ ቀኑና ሰዓቱ ፕላስተሩ ላይ ይጻፍ። ካልተጻፈ ነርሷን እስክሪብቶ አቀብላችሁ ለምኗት። በየጠዋቱ መስኮት አጠገብ ብርሃን ባለበት ክንዱን አዙራችሁ እዩ። ሁለቱን ክንዶች ጎን ለጎን አድርጉና አወዳድሩ። ቀላ? አበጠ? ሲነካ ያማል? ከቀዳዳው ፈሳሽ ወይም መግል ይታያል? ከካኑላው ወደ ላይ ደም ሥሩ እንደ ገመድ ደረቅ ብሏል? ከነዚህ አንዱ ካለ ወዲያው ተናገሩና ይውጣ። በጠየመ ቆዳ ላይ መቅላት ቶሎ አይታይም። ስለዚህ በእጃችሁ ጀርባ ሙቀቱን ዳስሱ፣ ታማሚውንም ያመው እንደሆነ ጠይቁት። ደሙ የወረደበት ሰው መግል ላይኖረው ይችላል፤ መግል የሚሠራው ነጭ ደም ነውና። ስለዚህ «መግል የለውም፣ ደህና ነው» አትበሉ።

ፕላስተሩ ከረጠበ ወይም ከተነሳ መቀየር አለበት። ሲታጠብ ክንዱ በንጹሕ ፌስታል ተጠቅልሎ ከውሃ ይራቅ። ደረቱ ወይም አንገቱ ላይ ረጅም ቱቦ ካለው ግልጹ መሸፈኛ በየ7 ቀኑ፣ የጎዝ ከሆነ በየ2 ቀኑ ይቀየራል። ከቆሸሸ ወይም ከለቀቀ ግን ቀኑ አይጠበቅም። ይህን የሚሠራው የሠለጠነ ሰው ነው፤ ቤት ውስጥ አይነካካ።

መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት የቱቦው አፍ በ70 በመቶ አልኮል ቢያንስ ለ15 ሰከንድ ያህል ይታሻል፣ እስኪደርቅም ይጠበቃል። የሚገድለው አልኮሉ እየደረቀ ባለበት ጊዜ ነው። ክዳኑ አንሶላ ላይ ከወደቀ ሌላ ክዳን ጠይቁ። ጉሉኮሱ ሲያልቅ ራሳችሁ ለመንቀል አትቸኩሉ፤ ነርስ ጥሩ።

የማያስፈልግ ካኑላ አይቆይ። «ነገ ይፈለግ ይሆናል» ተብሎ የሚቀመጥ ካኑላ ነው ብዙ ጊዜ ጣጣ የሚያመጣው። በየቀኑ ጠይቁ፤ «ዛሬ ይሄ ያስፈልገዋል?» በሉ። ከሆስፒታል ስትወጡም ሐኪም ሆን ብሎ ካላዘዘ በቀር ካኑላ ይዞ አውቶቡስ ላይ አይውጣ።

አንድ ልዩ ምልክት አለ። ቱቦው በታጠበ ወይም መድኃኒት በተጀመረ በደቂቃዎች ውስጥ የሚያንቀጠቅጥ ብርድ ከመጣ፣ ባክቴሪያው ያለው ቱቦው ውስጥ ሊሆን ይችላል። ሰዓቱን ጻፉና ለሐኪሙ በዚሁ ቃል ንገሩት፦ «ቱቦው ሲታጠብ ነው ያንቀጠቀጠው።» ይህች አንድ ዓረፍተ ነገር ሕክምናውን ልትቀይር ትችላለች።

6ኛ፦ መንገዱን ሳይታመም ጨርሱት

ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከመንዝ ወይም ከሸዋ ሮቢት ሲሆን እጅግ ይርቃል፤ በሌሊትም መኪና ላይገኝ ይችላል። አንቲባዮቲኩ ደግሞ ሆስፒታል ከተደረሰ በ1 ሰዓት ውስጥ መጀመር ነው ያለበት። ስለዚህ «ሐኪሙ ያለው አዲስ አበባ ነው» ብላችሁ ሰዓታት በመንገድ አታጥፉ። ቅርብ ያለው ሆስፒታል ግቡ፣ የመጀመሪያው መድኃኒት እዚያ ይሰጥ፣ ከዚያ ሪፈር ይጻፍ።

ይህ እንዲሳካ አስቀድማችሁ ጨርሱ። ከምትታከሙበት ክፍል «ታማሚው ኬሞ ላይ ነው፤ ካተኮሰው ሳይቆይ አንቲባዮቲክ ይጀመርለት» የሚል ደብዳቤ አጽፉ። መኪና ያለው ጎረቤት በሌሊት ስልክ እንዲያነሳ ተነጋገሩ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ እናንተ አካባቢ ይደርስ እንደሆነ ዛሬውኑ አጣሩ። በር አጠገብ አንድ ቦርሳ ይሰቀል፦ የምርመራ ወረቀቶቹ፣ የመድኃኒት ዝርዝር፣ የጤና መድን መታወቂያ፣ ቴርሞሜትር፣ ማስክ፣ የተቻለውን ያህል ገንዘብ። የቤቱ አባወራ ለሥራ ወጥቶ ከሆነ ማን እንደሚወስን ቀድሞ ይታወቅ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ «እስኪ ይንጋ» የሚለው ቃል ነው ሰው የሚያስወስድብን።

እንደደረሳችሁ ተራ ይዛችሁ አትቀመጡ። ተረኛውን ፈልጉና ባጭሩ ተናገሩ፦ «ሉኪሚያ አለበት። ኬሞ የወሰደው ከ10 ቀን በፊት ነው። ትኩሳቱ 38.4 ነው፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ። ባለፈው ሳምንት ካኑላ የነበረበት ቦታ ያመዋል።» ሌላው ታሪክ ይደርሳል።

7ኛ፦ ደሙ ሲቀዳ አትከልክሉ

አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ለካልቸር ደም ይቀዳል። ካልቸር ማለት ደሙ ውስጥ ባክቴሪያ መኖሩን አሳድጎ ማየት ነው። ብዙ አስታማሚ እዚህ ላይ ይቆጣል። «ደም የለውም እየተባለ ደግሞ ትቀዱታላችሁ?» ይላል። ለአዋቂ ሰው ለአንድ ጠርሙስ 10 ሚሊ ሊትር ያህል ነው የሚወሰደው፤ ለሕፃን በጣም ያንሳል። ከሁለት ቦታም ይቀዳል፤ ረጅም ቱቦ ካለ አንዱ ከቱቦው፣ ሌላው ከክንድ።

ሁለት የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ ባክቴሪያ ቆዳ ላይ ስለሚኖር ሲቀዳ በመርፌው ታክኮ ሊገባ ይችላል። ከሁለቱ በአንዱ ብቻ ከተገኘ ምናልባት ሲቀዳ ከቆዳው የገባ ነው። በሁለቱም ከተገኘ ነገሩ የእውነት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ከተቀዳ ግን ሐኪሙ በግምት ነው የሚሄደው። ካልቸር የማይሠራበት ቦታ ከሆናችሁ ደግሞ በሱ ምክንያት መድኃኒቱ አይዘግይ።

ከቀናት በኋላ ውጤቱ ሲመጣ ወረቀቱ ላይ ከየመድኃኒቱ ፊት ለፊት ኤስ (S)፣ አይ (I) ወይም አር (R) የሚል ፊደል ይኖራል። ኤስ ማለት ይሠራበታል፣ አር ማለት ተላምዶታል ነው። አይ መሃል ላይ ነው፤ በሐኪሙ ውሳኔ ይሄዳል። ፎቶ አንሱት። ዋናውንም ቅጂ ጠይቃችሁ ቦርሳው ውስጥ ክተቱ።

መጀመሪያ ላይ የሚሰጠው ቫንኮማይሲን ላይሆን ይችላል። ይህ ስህተት አይደለም። በመጀመሪያው ሰዓት ሐኪሙ የሚያስቀድመው በፍጥነት የሚገድሉትን ሌሎች ባክቴሪያዎች ነው፤ ለዚያም ሴፍታዚዲም፣ ሴፌፒም ወይም ሜሮፔኔምን የመሰለ ይጀምራል። ካኑላው አካባቢ መቅላት ካለ፣ ቆዳ ላይ ቁስል ካለ፣ የደም ግፊቱ ከወረደ ግን ቫንኮማይሲን ይጨመራል። ክንዱን በየጠዋቱ እዩ ያልኳችሁ ለዚህም ነው። ያያችሁትን ካልተናገራችሁ ሐኪሙ ላያየው ይችላል።

ቫንኮማይሲን ሲሰጥ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ጠብ ጠብ እያለ ነው የሚገባው። አስታማሚ ሲሰለቸው ቱቦው ላይ ያለችውን ትንሽ መንኮራኩር ገፋ አድርጎ ያፈጥናታል። አይነካ! በፍጥነት ከገባ ፊትና አንገት ይቀላል፣ ያሳክካል፣ ግፊትም ሊወርድ ይችላል። ማሳከክ ከጀመረ ነርስ ጥሩ። ኩላሊትንም ስለሚነካ የሽንቱን መጠን ተከታተሉ።

መድኃኒቱ ከውጭ ይገዛ ከተባላችሁ ፈቃድ ካለው ፋርማሲ ግዙ። አዲስ አበባ ላይ የከነማና የቀይ መስቀል ፋርማሲዎችን ቀድማችሁ ጠይቁ። የማብቂያ ቀኑን እዩ፣ ለስንት ቀን እንደታዘዘም ጠይቃችሁ በመሃል እንዳይቋረጥ አድርጉ።

8ኛ፦ አንቲባዮቲክ ከመሳቢያ አይውጣ

እዚህ ላይ ትንሽ እቆጣለሁ። ሰው ሲያስለው አሞክሳሲሊን፣ ሆዱን ሲቆርጠው ሲፕሮፍሎክሳሲን ይገዛል። ግማሹን ይውጣል፣ ግማሹን ያስቀምጣል፣ ለጎረቤትም ያካፍላል። በፍቅር ነው የሚያደርገው። ውጤቱ ግን ይህ ነው። መድኃኒቱ ቆዳ ላይ ያሉትን ደካማ ባክቴሪያዎች ይገድላል፤ የተላመዱት ይተርፋሉ፤ ባዶውን ቦታ ይይዙና ይራባሉ። መላመጃውን ዘር ለሌላ ባክቴሪያም ያቀብላሉ። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ፣ ፔኒሲሊንን ያገኘው ሰው፣ በ1945 (እ.ኤ.አ.) የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ባነሰ መጠን የሚወሰድ መድኃኒት ባክቴሪያን እንደሚያለማምድ አስጠንቅቆ ነበር። በ2019 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ሰው በቀጥታ መድኃኒት በተላመደ ባክቴሪያ ምክንያት እንደሞተ ተገምቷል።

ስለዚህ ኬሞ ላይ ያለ ሰው ካተኮሰው ከመሳቢያ ኪኒን አይሰጠው። ካልቸሩን ያበላሻል፣ ጊዜ ይበላል። ሐኪሙ ለመከላከያ ብሎ ያዘዘለት አንቲባዮቲክ ካለ ግን ይህ ሌላ ነው። እሱን በሰዓቱ ይውሰድ፣ በራሱ አያቁመው። የቤቱ ሌሎች ሰዎችም ያለ ሐኪም ትዕዛዝ አንቲባዮቲክ አይውሰዱ። አብራችሁ ስለምትኖሩ የእናንተ ቆዳ ላይ የተላመደው ወደ እሱ ይሄዳል።

9ኛ፦ ጠያቂ፣ ጠበል፣ ምግብ

የታመመ መጠየቅ ባህላችን ነው፤ ይኑር። ግን ውጭ፣ በረንዳ ላይ፣ ሁለት ሰው፣ ለአጭር ጊዜ ይሁን። መሳሳም ይቅር። «እትዬ፣ ሐኪሙ እስከ ሚካኤል ድረስ ማንም አይሳመው ብሎናል፤ ደሙ ሲመለስ እሱ ራሱ መጥቶ ይስምዎታል» ብትሉ ማንም አይቀየምም። ሐኪሙ ላይ ማላከክ በጣም ይረዳል። የሚያስለው፣ ያተኮሰው፣ እጁ ላይ ቁስል ያለበት ሰው ግን በስልክ ይጠይቅ።

ሸንኮራ ዮሐንስና ጻድቃኔ ማርያም እዚሁ ዞናችን ውስጥ ናቸው፤ መሄድ የሚፈልግ ታማሚ ብዙ ነው። እምነት ብርታት ይሰጣል፤ አትከልክሉት። ነገር ግን ደሙ በወረደበት ሳምንት ሕዝብ መሃል አይግባ፣ ካኑላ ያለበት ክንድ አይርጠብ፣ መድኃኒቱም አይቋረጥ። የነፍስ አባታችሁን አስቀድማችሁ አማክሩ። የጾሙንም ነገር አብራችሁ አንሱላቸው።

ምግብ ላይ አጭር ልሁን። ጥሬ ሥጋ፣ ለብለብ ክትፎ፣ ያልፈላ ወተትና እርጎ፣ ያልበሰለ አትክልት ይቅሩ። በሶ ሲበጠበጥ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ይሁን። ትኩስ እንጀራ በበሰለ ሽሮ ጥሩ ነው።

10ኛ፦ ካገገመ በኋላ

ትኩሳቱ ጠፋ ማለት አለቀ ማለት አይደለም። የታዘዘው ቀን ይሙላ፤ ስንት ቀን እንደሆነ ቱቦው መውጣቱና ነጭ ደሙ መመለሱ ይወስናል። የተገኘውን የባክቴሪያ ስምና የተላመዳቸውን መድኃኒቶች በአንድ ወረቀት ላይ በትልቁ አጽፉና ከደብዳቤው ጋር አያይዙት። ቀጣዩ ኬሞ ሲጀመር፣ አዲስ ቱቦ ከመግባቱ በፊት፣ ለሐኪሙ አሳዩት፦ «ባለፈው ደሙ ውስጥ ይህ ተገኝቶ ነበር።» አዲስ ሐኪም ተረኛ በሆነ ቁጥር ድገሙት። ካላንደሩ ላይም ቀጣዮቹን ቀኖች በቀይ አክብቡ።